የነርስነት ትምህርት በቴሌግራም፦ መጠኑ ሲታወቅ ያሽራል

ቆሰበር በመድኃኒት ስም የምትጠራ ከተማ ናት። ዛሬ አብዛኛው ሰው እንጅባራ የሚላት የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ይህ ነባር ስሟ ከኮሶ ዛፍ ጋር ይያያዛል። ኮሶ በደጋው የአገራችን ክፍል ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን የኮሶ ትል ለማስወጣት ለዘመናት ሲጠጣ ኖሯል። አያቶቻችን ስለ ኮሶ ሁለት ነገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ እንደሚያሽርና መጠኑ ካለፈ እንደሚጎዳ። ከልክ ያለፈ ኮሶ ከማስመለስና ከማድከም አልፎ የማየት ችሎታን እስከ መጉዳት እንደሚደርስ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ስለዚህም ኮሶ መጠኑን በሚያውቅ ሰው እጅ ይሰፈር ነበር። ዛሬ ለኮሶ ትል በጤና ተቋም የሚሰጥ አስተማማኝ መድኃኒት ስላለ ወደ ኮሶ መመለስ አያስፈልግም። የዚያ ጥንቃቄ ትምህርት ግን ዛሬም ያስፈልገናል።

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳው በተማሪ ነርሶች እጅ ስላለው ስልክ ነው። ነርሲንግ የሚማር ወጣት ቴሌግራም ይከፍታል፤ ማስታወሻ ይለዋወጣል፤ የድሮ ፈተና ያወርዳል፤ ያልገባውን ይጠይቃል። አንዳንድ ወላጅና መምህር ይህን ሲያይ «ስልክ ትምህርት ገደለ» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ «ዘመኑ ነው» ብሎ ዝም ይላል። ሁለቱም ጉዳዩን አልጨረሱትም። ማኅበራዊ ሚዲያ ለነርስነት ትምህርት ሊጠቅምም ሊጎዳም ይችላል። የሚለየውም መጠኑን የሚሰፍር፣ ለሚጻፈው ነገር ኃላፊነት የሚወስድ ባለሙያ በመካከሉ መኖር አለመኖሩ ነው።

ጉዳዩ የተማሪዎች ብቻ አይደለም። የዛሬው ተማሪ ነገ ሌሊት ተረኛ ሆኖ የእናታችንን የደም ግፊት የሚለካው፣ የልጃችንን የመድኃኒት መጠን የሚያሰላው ነው። በስልኩ ላይ ትክክለኛውን ነገር ከተማረ እኛ እንጠቀማለን፤ የተሳሳተውን ከያዘም ዋጋውን የምንከፍለው እኛው ነን።

ሙያው የሚለመደው ከአልጋ ዳር ነው

ነርስነት ከጥንቱም በመጽሐፍ ብቻ የሚያዝ ሙያ አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ ሲከፈት፣ ሠልጣኞቹ በሆስፒታሉ ውስጥ ሕሙማንን እየተንከባከቡ እንዲማሩ ተደርጎ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይም በስደት ዘመን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምረው በሙያው ተመርቀዋል። ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙ ሳይቆዩ በ1934 ዓ.ም በነቀምቴ በወሊድ ምክንያት በ22 ዓመታቸው አረፉ። የነርስ እጅ ባነሰበት አገር ወሊድ ምን ያህል አስጊ እንደነበር የእርሳቸው ሞት ያስታውሰናል።

እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅም የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን አንድ ላይ አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ለመላክ የተቋቋመ ነበር። ዓላማው ተማሪው ሕዝቡ ባለበት እንዲማር ነው። እዚህ ላይ አንድ ችግር አብሮ ይመጣል። ተማሪው በየጤና ተቋሙ ሲበተን መምህሩ በሁሉም ቦታ ሊገኝ አይችልም።

የዛሬው ችግርም ይኸው ነው። ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በዚችው ከተማ ይገኛል። ከከተማዋ እስከ ዳንግላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ ቻግኒም በሌላ አቅጣጫ ናት። በእነዚህ ከተሞችና በየወረዳው ባሉ ጤና ተቋማት ለልምምድ የሚሰማሩ ተማሪዎች ቢኖሩ አንድ መምህር በአንድ ቀን ሁሉንም ሊያዳርስ አይችልም። አንዷ ተማሪ በማዋለጃ ክፍል፣ ሌላው በሕፃናት ክፍል፣ ሌላዋ በድንገተኛ ክፍል ያየችውን የሚያገናኝ አንድ መድረክ ያስፈልጋል። ስልክ ጠቃሚ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

መንገዱ አዲስም አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ መምህራን በቴሌግራምና በኢሜይል ማስተማሪያ መላክ ጀምረው ነበር። ወረርሽኙ ሲያልፍ ግሩፖቹ ቀሩ። አብዛኞቹን የሚመራ ሰው ግን አብሯቸው አልቀረም።

መጋዘንና ክፍል አንድ አይደሉም

በብዙ የተማሪ ግሩፖች ውስጥ የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው። መቶ ገጽ ማስታወሻ ይላካል፤ ተከትሎ ሌላ መጽሐፍ ይላካል፤ ሁሉም «እናመሰግናለን» ይልና ያወርዳል፤ የሚያነበው ጥቂት ነው። ስልኩ ሲሞላ ይደመሰሳል። ይህ መጋዘን እንጂ ክፍል ሊባል አይችልም።

ግሩፕን ክፍል የሚያደርገው ጥያቄ ነው። መምህሯ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይህን ጻፈች እንበል፦ «የ9 ወር ሕፃን ሦስት ቀን ተቅማጥ ይዞት መጣ። ክብደቱ 8 ኪሎ ነው። ይነጫነጫል፤ ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ውኃ ሲሰጡት በጥድፊያ ይጠጣል፤ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ይመለሳል። የፈሳሽ እጥረቱ ምን ደረጃ ላይ ነው? በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት ምን ያህል ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ) ትሰጣላችሁ?» ቴሌግራም ላይ መልስ ሳይመርጡ የሌላውን መልስ የማያሳይ የጥያቄ ዓይነት አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ከጓደኛው ሳይቀዳ ይመልሳል። በማግሥቱ መምህሯ መልሱን ከብሔራዊ መመሪያው ጋር አያይዛ ታስረዳለች። ሕፃኑ መጠነኛ የፈሳሽ እጥረት አለበት፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ተሰልቶ በአራት ሰዓት ውስጥ 600 ሚሊ ሊትር በትንሽ በትንሹ ይሰጠዋል፤ ከዚያም እንደገና ይመረመራል። ጡት መጥባቱ አይቋረጥም፤ ዚንክም በቀን 20 ሚሊ ግራም ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጠዋል። ስምንቱን ኪሎ ረስቶ በግምት የመለሰ ተማሪ ስሕተቱን ያየው ሕፃኑ ፊቱ ሳይኖር፣ ማንንም ሳይጎዳ ነው።

ይህ ዘዴ ለምን ይሠራል? ራስን መፈተን ደግሞ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ትምህርትን በአእምሮ ያቆያል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ገና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ጽሑፉን ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች በልጠው ነበር። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ደግመው ያነበቡት 42 በመቶውን፣ አንድ ጊዜ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ደግሞ 56 በመቶውን አስታውሰዋል። ማንበብ «ገብቶኛል» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ጥያቄ ግን እውነቱን ይናገራል። በቀን አንድ ጥያቄ፣ ጥቂት ኪሎ ባይት ብቻ የሚፈጅ ጽሑፍ፣ ከመቶ ገጽ ማስታወሻ የበለጠ ሊያስተምር የሚችለው ለዚህ ነው።

ሌላም ጥቅም አለ። በክፍል ውስጥ እጅ ለማውጣት የምታፍር ተማሪ በጽሑፍ ትጠይቃለች። በአዊ ዞን ደግሞ በሽተኛው የሚናገረው አዊኛ ሊሆን ይችላል። የነርሲንግ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ክፍሉ ውስጥ አማርኛ ይነገራል፤ ከገጠር የመጡ እናት ግን ሕመማቸውን በአዊኛ ነው የሚያስረዱት። አዊኛ ተናጋሪ ተማሪዎች «ሕመሙ መቼ ጀመረ?»፣ «ደም ታይቷል?»፣ «መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ ይዋጡ» የሚሉትን በትክክለኛው አባባል ጽፈውና በድምፅ ቀድተው ለጓደኞቻቸው ቢያካፍሉ፣ ግሩፑ በየትኛውም መጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ይሰጣል።

መጠኑ ሲያልፍ

አሁን ወደ ጉዳቱ እንለፍ። የመጀመሪያው ያልተጣራ ወሬ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ኮሮናን ይከላከላሉ የሚለው ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዛመት ገበያው እንዴት እንደተሻማ ሁላችንም እናስታውሳለን። የጤና ተማሪ የላከው መልእክት ደግሞ «ከሐኪም ቤት የመጣ ነው» ስለሚባል የበለጠ ይታመናል። ለተቃጠለ ሰውነት የጥርስ ሳሙና ወይም ቅቤ ቀቡ የሚል መልእክት ከተማሪ ነርስ ቢወጣ ሕፃናት ላይ ጠባሳ ሊያስቀር ይችላል። ትክክለኛው የመጀመሪያ ዕርዳታ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ (በረዶ ሳይሆን) ማብረድ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ሁለተኛው የፈተና ንግድ ነው። በ2008 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው እንደተሰረዘ ይታወሳል። አሁን የጤና ባለሙያዎች በ2011 ዓ.ም የተጀመረውን አገር አቀፍ የሙያ ብቃት ምዘና፣ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁሉ የመውጫ ፈተናን ይወስዳሉ። «መልሱ እኛ ጋ አለ» እያለ ገንዘብ የሚሰበስብ ቻናል ሲገጥመው ተማሪው አንድ ነገር ያስብ። ውሸት ከሆነ ተዘርፏል። እውነት ቢሆን ደግሞ የሚሰረቀው የፈተና ወረቀት ብቻ አይደለም፤ በእርሱ እጅ የሚወድቅ በሽተኛ ደኅንነት ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው የታካሚን ምስጢር ማውጣት ነው። ያልተለመደ ቁስል ሲያይ «ለትምህርት ነው» ብሎ ፎቶ የሚያነሳ ተማሪ አይጠፋም። ፊቱን ሸፍኛለሁ ይላል። ነገር ግን ቆሰበርን፣ ዳንግላን በመሰለ ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ፊት መሸፈን ብቻውን ማንነትን አይደብቅም። የአንገት ንቅሳት፣ የለበሰችው ጋቢ፣ የካርድ ቁጥር፣ ከጀርባ የሚታየው አልጋ ይናገራል። ፎቶ ባይኖር እንኳ «ትናንት ማታ ከእገሌ ቀበሌ በጋሪ የመጣች የ19 ዓመት ወላድ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለጎረቤቷ በቂ ነው። ግሩፑ ውስጥ ካሉት መቶ ተማሪዎች የአንዱ እኅት ልትሆን ትችላለች። አንድ ጊዜ የተላከ ፎቶ ደግሞ አይሰበሰብም፤ ላኪው ቢደመስሰው እንኳ በሌላ ስልክ ውስጥ አለ።

ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን ማውጣት ያስቀጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች ይመድበዋል። ሐሰተኛ መረጃን ማሠራጨትን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም አለ። ተማሪ መሆን ከእነዚህ ነፃ አያደርግም። ከሕጉ በፊት ግን ሌላ ነገር አለ። ምስጢሯ የወጣባት እናት ለሚቀጥለው ልጇ ጤና ጣቢያ አትመጣም፤ ጎረቤቷንም ታስቀራለች። ነርስ ያለ እምነት መሥራት አይችልም።

ስልክ የማያስተምረው

ቴሌግራም ሊሰጥ የማይችለውንም በግልጽ መናገር ይገባል። የደም ሥር ማግኘት፣ የሽንት ቱቦ ማስገባት፣ ሕፃንን ማቀፍ፣ የሚሞት ሰው አጠገብ መቀመጥ በቪዲዮ አይለመድም። እነዚህ በሠርቶ ማሳያ ክፍል በአሻንጉሊት ላይ፣ ከዚያም ልምድ ባለው ነርስ ዓይን ሥር በአልጋ ዳር ይማራሉ። የስልክ ጥያቄ ተማሪውን ለዚያ ሰዓት ያዘጋጀዋል እንጂ አይተካውም።

በዋርድ ውስጥም ስልክ ቦታ ሊበጅለት ይገባል። ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሄድ ስልክ ጀርም ይዞ ይዞራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣቸው አምስቱ የእጅ ማጽጃ ጊዜያት ታጥቦ ስልክ ነክቶ ወደ በሽተኛ ለሚመለስ እጅ ትርጉም ያጣሉ። በሽተኛው እያቃሰተ ስልኩን የሚያይ ነርስም መድኃኒት እያጠና ቢሆን እንኳ ለታካሚው የሚታየው ችላ ማለት ነው።

የአቅም ልዩነትም መዘንጋት የለበትም። ሁሉም ተማሪ ዘመናዊ ስልክ የለውም፤ ካርድ መሙላት ለገበሬ ልጅ ቀላል አይደለም። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የቆየበት ጊዜም ነበር። ስለዚህ በግሩፕ የተጠየቀው ጥያቄ በማስታወቂያ ሰሌዳም ይለጠፍ፤ ቪዲዮ ሳይሆን ጽሑፍ ይቅደም፤ በስልክ ያልተሳተፈ ተማሪም ውጤቱ አይቀነስበት።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው እርምጃ ለየግሩፑ ባለቤት መሰየም ነው። ፈቃድ ያለው የነርሲንግ መምህር ወይም የሆስፒታል ነርስ በስሙ ይምራው። ይህ ሥራ ጊዜ ስለሚወስድ ተቋማት እንደ ማስተማር ሰዓት ይቁጠሩለት እንጂ በበጎ ፈቃድ ብቻ አይተዉት።

ቀጥሎ ጥቂት ግልጽ ደንቦች ከመጀመሪያው ቀን ይነገሩ፦

የታካሚ ፎቶ፣ ድምፅ፣ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀበሌና የመጣበት ቀን ወደ ግሩፕ አይገባም። ለትምህርት የሚቀርብ ታሪክ ዝርዝሩ ተለውጦ በመምህሩ ይጻፍ።

የመድኃኒት መጠን የሚጠቅስ ሰው ከየትኛው መመሪያ እንደወሰደው አብሮ ይጻፍ። ምንጭ የሌለው መጠን ይነሳ።

የተሳሳተ መልስ የሰጠ ተማሪ አይሰደብ፤ አይሳቅበት። ስሕተት የሚታረመው ሲነገር ነውና።

ከሌሊቱ አራት ሰዓት በኋላ ግሩፑ ይዘጋ። እንቅልፍ ያጣ ተማሪ በማግሥቱ መርፌ ይይዛልና።

አስቸኳይ የታካሚ ጉዳይ በግሩፕ አይጠየቅ፤ በአካል ያለውን ተረኛ ባለሙያ መጥራት ይቅደም።

ለተመረቁ ነርሶችም መንገዱ ክፍት ነው። የሙያ ፈቃድ ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና የሚጠየቅ በመሆኑ፣ በተማሪነት ጥያቄ መጠየቅና ምንጭ ማጣራት የለመደ ሰው በሥራ ዓለምም አይቸገርም።

እናንተስ፣ ውድ አንባቢያን? ልጃችሁ ነርሲንግ የሚማር ከሆነ «ስልክህን ጣል» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ምን ጥያቄ ተጠየቅህ? መልሱን ከየት አገኘኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ስልኩ መጋዘን ይሁን ክፍል ይነግራችኋል። ሆስፒታል ተኝታችሁ ሳለ ማንም ፎቶ ሊያነሳችሁ ቢፈልግ ለምን እንደሆነ የመጠየቅና እንቢ የማለት መብት አላችሁ። እንቢ በማለታችሁ ሕክምናችሁ ሊቀር አይገባም። ተማሪ ሊረዳችሁ ሲመጣ ደግሞ መምህሩ አጠገቡ ካለ ፍቀዱለት፤ ከእናንተ ካልተማረ ከየት ይማራል? በቤታችሁም ሕፃን ተቅማጥ ከያዘው አንዱን የኦ.አር.ኤስ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጡ፤ አትቀንሱ፣ አትጨምሩ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው፣ የሚጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ከደከመ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

በቆሰበር ዛፍ ሥር ኮሶ የሚሰፍሩት ሰዎች መጽሐፍ አልነበራቸውም። የሚሰጡት ነገር ሊያሽርም ሊጎዳም እንደሚችል ግን ያውቁ ነበር፤ ለሰፈሩትም ራሳቸው ይጠየቁ ነበር። የነርሲንግ ትምህርትን ወደ ስልክ የሚያስገቡ መምህራንና ተቋማትም እንዲሁ ሰፍረው ይስጡ፤ ለሰጡትም በስማቸው ይቁሙ።